ቀፎና መረብ በአንገር ሸለቆ

ከነቀምቴ ወጥቶ ወደ ቡሬ የሚያመራውን የሰሜን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ደጋውን እየለቀቀ ወደ አንገር ወንዝ ሸለቆ በወረደ መጠን አየሩ እየሞቀ፣ ጤፉና ገብሱ ስፍራውን ለበቆሎ፣ ለማሽላና ለሰሊጥ እየተወ ይሄድና በመጨረሻ አንገር ጉቲን ይደርሳል። ወንዙም ወደ ምዕራብ አዝግሞ ከዴዴሳ ጋር ይገናኛል፤ ዴዴሳም ተቀብሎ ለዐባይ ያስረክበዋል። ይህ ቆላ ሰው ያልዘራቸውና ያላረሳቸው ሁለት ሀብቶች አሉት፤ አንደኛው በዛፉ ላይ ያለው ማር፣ ሁለተኛው በውሃው ውስጥ ያለው ዓሣ ነው። ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ የቤተ ሰብ ሥራ ናቸው፤ ቀፎውን አባት ይሰቅላል፣ መንጠቆውን ልጅ ይጥላል፣ ማሩን አጣርቶ ዓሣውን አድርቆ ወደ ገበያ ማውጣቱ ግን ብዙውን ጊዜ የእናት ድርሻ ነው።

የእነዚህን ሀብቶች ታሪክ ብዙ ሰው በየቁርጥራጩ ያውቀዋል። የቤተ መንግሥቱን ጠጅ የሚያወሳ ሰው የጋምቤላን መርከብ አያነሣም፤ ስለ 1977ቱ ሰፈራ የሚተርክም የወንጂን ስኳር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ይላል። ነገሩ ግን የተያያዘ ነው። በየዘመኑ የተነሣ ገዥና ነጋዴ ማሩን የፈለገው ግብር፣ ጠጅ ወይም ሰም አድርጎ እንጂ ማር አድርጎ ስላልነበረ፣ ዋጋው ሁልጊዜ ከባለ ቀፎው ደጅ ርቆ ሲቆረጥ ኖሯል። ዓሣው ደግሞ ከሸለቆው ውጭ ፈላጊ በማጣቱ ለረዥም ዘመን በወንዙ ውስጥ ተረስቶ ቆይቷል።

ከ1874 ዓ.ም. በፊት፤ የጫካው ዘመን

ወለጋ ገና በየጎሣውና በየባላባቱ ተከፍሎ ይኖር በነበረበት ዘመን፣ በደጋውና በወይና ደጋው ንብ ማነብ ከእርሻና ከከብት ርቢ ቀጥሎ የሚቆጠር ሥራ ነበር። ባለ ቤቱ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ረዘም ያለ ድቡልቡል ቀፎ ይሠራል፤ ውጪውን በሣርና በቅጠል ይሸፍናል፣ ውስጡን በወይራና መዐዛ ባላቸው ሌሎች ዕንጨቶች ጢስ ያጥናል፤ ከዚያም ኦሮሞው ጋጉራ የሚለውን ይህን ቀፎ ተሸክሞ ረዥም ዛፍ ላይ ይወጣና ከቅርንጫፉ ጋር ያስረዋል። ንቡን አይገዛውም፣ ከሌላ ስፍራም አያመጣውም፤ የቀፎው ሽታ ስቦት እስኪገባ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቀዋል እንጂ። መንጋው ከገባለት ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ማር ይቆርጣል፤ ዋነኛው ቆረጣ አደይ አበባውና ኑጉ ካበቡ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሁለተኛው ብሳናው፣ ቡናውና የጫካው ዛፍ ካበቡ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይውላል። ይህም በሌሊት፣ በጢስና በገመድ የሚፈጸም፣ ከዛፍ መውደቅ ያለበት ሥራ ስለሆነ ለደፋር ወንድ የተተወ ነበር። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው የጣዝማ ማር ደግሞ ለመድኃኒትነቱ ይፈለጋል እንጂ ጠጅ አይጣልበትም።

ከቆረጣው በኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ ሴቶቹ እጅ ይገባል። ማሩ በከፊል ለቤት ይቀመጣል፣ በከፊል ቦካና ዳዲ ሆኖ በሠርግ፣ በእርቅና በበዓል ቀን ይቀርባል። በኦሮሞ ሥርዐት ዘንድ ማር የሌለበት ታላቅ ጉባኤ ጎዶሎ ነውና፣ ብዙ ቀፎ ያለው ሰው በአገሩ ሽማግሌዎች ፊት ያለው ክብር ብዙ ከብት ካለው ሰው ብዙም አያንስም ነበር።

በሸለቆው ግን ሌላ ኑሮ ነበረ። የአንገርና የዴዴሳ ቆላ የገንዲ ዝንብ የሚፈላበት፣ ወባም የሚጸናበት አገር ስለ ነበረ፣ ከብቱ የሀብቱ መሠረት የሆነው ደገኛ ለአደን ወይም ለመሻገሪያ ካልሆነ በቀር አይወርድበትም። ጫካውን ጠብቆ ያቆየው ይህ ዝንብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ የሚኖሩት ጉሙዞች ማሽላ በመቆፈሪያ እየዘሩ፣ አውሬ እያደኑ፣ የዱር ማር እየቆረጡና ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በጋ ላይ በሚቀንሰው የወንዝ ኩሬ ውስጥ መበተን፣ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ መልቀም፣ በዚህ ሸለቆ ብቻ ሳይሆን በዐባይ ገባሮች ሁሉ የታወቀ ጥንታዊ ብልሃት ነው። የጉሙዝ ሴቶችም በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ዘንግ በግራና በቀኝ ሸክማቸውን አመዛዝነው ወደ ደጋው ገበያ የሚወጡበት ልማድ እስከ ዛሬ የሚታይ ነው። እንግዲህ ማርንና ዓሣን አንድ ላይ የያዘ ቤተ ሰብ በዚህ አገር ቢፈለግ፣ የመጀመሪያው የተገኘው በዚያ ሸክም ሥር ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ታላላቆቹ ገበያዎች ግን ለማር የተመቹ አልነበሩም። በሌቃ የነበረው የቢሎ ገበያና በሆሮ ጉዱሩ የነበረው የአሰንዳቦ ገበያ የደቡቡን ምዕራብ ሸቀጥ ሰብስበው ዐባይን አሻግረው ለጎጃሙ ለባሶ ያስረክቡ ነበር፤ አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎችና ጀበርቲዎቹም አሞሌ ጨውና ጨርቅ አምጥተው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ሰውንም ጭምር ይዘው ይመለሱ ነበር። ማር በገንቦ እየተጫነ ያን ሁሉ መንገድ ቢጓዝ ለበቅሎው ኪራይ እንኳ አይበቃም። ሰሙ ግን ቀልጦ እንደ ዳቦ ስለሚጋገር፣ ክብደቱ ለዋጋው አይከፋም፤ ዝናብና ፀሐይም ቶሎ አይጎዳውም። ስለዚህ ከንቡ ሥራ መካከል ከአገር መውጣትን በመጀመሪያ የተማረው ሰሙ ነው።

ከ1874 እስከ 1894 ዓ.ም.፤ ማሩ ግብር ሲሆን

በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ በእምባቦ ሜዳ የንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ተዋግቶ ድሉ የምኒልክ ሲሆን፣ የሌቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ከምኒልክ የጦር አበጋዝ ከራስ ጎበና ጋር ተስማምቶ ያለ ጦርነት ገባ። በዚህም ምክንያት አገሩ በባዕድ ሹም ሳይሆን በራሱ ቤት እየተገዛ፣ ግብሩን ለመካከለኛው መንግሥት የሚልክ አገር ሆነ። ልጁ ኩምሳም በ1881 ዓ.ም. ተተክቶ፣ ክርስትና ሲነሣ ገብረ እግዚአብሔር ተብሎ፣ ደጃዝማች ተሰኝቶ ነቀምቴን አስፋፋት፤ ቤተ መንግሥቱም እስከ ዛሬ በከተማይቱ ቆሞ ይታያል።

ወደ ላይ የሚሄደው ግብር ወርቅና የዝሆን ጥርስ መሆኑ በብዙ ጸሐፊ ተወስቷል። ማሩ የሚወሳው ከዚያ ወዲያ፣ በገበሬው ዘንድ ነው። በምኒልክ መዋዕለ መንግሥት ለሺህ ሰው የሚዘረጋው የግብር አዳራሽ ያለ ጠጅ አይታሰብም፤ ጠጁም ያለ ማር አይጣልም፤ ስለዚህም በመላው አገር በጉንዶ እየተሰፈረ የሚገባው የማር ግብር ከእህሉ ባልተናነሰ የገበሬው ዕዳ ነበር። ንቡ ቀፎውን ጥሎ በሄደበት ዓመትም ግብሩ አይቀርለትምና፣ ባለ ቀፎው ከጎረቤቱ ገዝቶ ያስገባ ነበር። እንዲህ ያለው ግብር ለወጉ የደመቀ ቢመስልም ለሥራው ጠንቅ እንደ ነበረ መናገር ይገባል፤ ቀፎ መጨመር ዕዳ መጨመር ሲሆን ቀፎ የሚጨምር ማን ነው?

በዚያው ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የወረደው ክፉ ቀን የቀንድ ከብቱን ፈጅቶ ብዙውን ሕዝብ ለረኃብ ሲዳርገው፣ ከብት ላይ ያልተመሠረተው የሸለቆው ኑሮ ከደጋው የተሻለ መሸሸጊያ ነበረው። ዝንቡ ከከብት አርቆ ያኖረው ሕዝብ የከብት በሽታው ኀዘን ቀለለለት፤ የታሪክ ምጸት ይሉታል ይህን።

ከ1894 እስከ 1928 ዓ.ም.፤ የሰሙ መርከብ

በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ሱዳን ወሰን ሲዋዋሉ፣ በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ለእንግሊዞች ተፈቀደ። ውሃው በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ በነጭ ዐባይና በባሮ ወጥቶ ጋምቤላ ይደርሳል፤ ውሃው ሲቀንስ ደግሞ ወደቡ ጭር ይላል። ከሳዮ፣ ከጎሬ፣ ከነቀምቴም ሳይቀር ሸቀጡ በበቅሎና በሰው ሸክም ወደዚያ ወረደ። ቀዳሚው ቡና ሲሆን፣ ሰምና ቆዳ ተከትለውት ይሄዱ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በየከተማው መጋዘን ከፈቱ፤ ወለጋም ጀርባዋን ለባሕር ሰጥታ ከኖረችበት ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በምዕራብ በኩል በር አገኘች።

በዚህ ጊዜ የተለወጠው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ቀድሞ ሰም የሚፈለገው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ነበር፤ በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በወለጋ የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ያለውን ሰም ለማኅሌቱና ለቅዳሴው ሌሊት ይወስዱ ነበር፤ ሕዝበ ክርስቲያኑም ስለ ስእለት ያገባ ነበር። የአውሮፓ ፋብሪካ ለሻማ፣ ለጫማ ቀለምና ለቅባት ሲፈልገው ግን ሰም በሚዛን የሚሸጥ፣ ዋጋው በካርቱምና በለንደን የሚወጣና የሚወርድ ሸቀጥ ሆነ። በጫካው ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅለው ሰው ሰሙ የት እንደሚሄድ ላያውቅ ይችላል፤ ነጋዴው ባልጠየቀው ዓመት ግን ማሩን ከነሰሙ አኝኮ መብላቱን ያውቃል።

በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ለወለጋ ሁለተኛ በር ተከፈተላት፤ ነገር ግን ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ገና የበቅሎ መንገድ ነበርና የጋምቤላ ንግድ ለጊዜው አልተነካም። የተነካው በኋላ፣ መኪና በመጣ ጊዜ ነው።

ከ1928 እስከ 1966 ዓ.ም.፤ ጠጅ ቤት፣ ሰፈፍና ስኳር

ጣልያን በወለጋ የቆየበት ዘመን አጭር ቢሆንም የመኪና መንገድን አሳብ ትቶ ሄደ። ከነጻነት በኋላ፣ ይልቁንም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ፣ ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ጋር በጭነት መኪና ተያያዘች። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝም የጋምቤላው የእንግሊዝ ጣቢያ ታሪኩ ተፈጸመ፤ የወለጋ ሰምና ማር ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መርካቶ መለሰ።

የዚህ ዘመን ዋና ባለ ታሪክ የጠጅ ቤቱ እመቤት ናት። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በየመንገዱ በበቀሉት ትናንሽ ከተሞች ሁሉ፣ ባሏ የሞተባት ወይም ኑሮ የከበዳት ሴት ማር ገዝታ፣ ጌሾ ጨምራ፣ በጋን ጠምቃ፣ በብርሌ እየቀዳች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ገበሬው ማሩን ከነሰሙና ከነእጩ በቅልና በገንቦ ያመጣላታል፤ እርሷም በውሃ በጥብጣ ስታጣራው ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ለብቻው ታከማቻለች። ሰፈፍ ሰብሳቢው በየጠጅ ቤቱ ዞሮ ይገዛዋል፤ አቅላጭ ያቀልጠዋል፤ ላኪ ይልከዋል። የኢትዮጵያ ሰም ተብሎ ወደ ባሕር ማዶ የሚላከው ብዙው ክፍል የሚገኘው እንዲህ ካለው ከጠጅ ቤት ጓሮ ነው፤ ገበሬው ለሰሙ ለብቻው የተከፈለው ገንዘብ ግን የለም፤ በማሩ ዋጋ ውስጥ ቀልጦ ቀርቷል። ስለ ወጪ ንግድ የሚጽፉ ሰዎች ላኪውን ያነሣሉ፤ እኔ ግን ይህችን ሴት ሳላነሣ ብቀር ታሪኩ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ለማሩ ያልታሰበ ባላንጣ የተነሣው በዚህ መካከል ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ስኳርም ከከተማ ሱቅ ወጥቶ እስከ ገጠር ገበያ ወረደ። ሻዩና ቡናው መጣፈጫ አገኘ፤ ይህስ ይሁን። ነገር ግን ስኳር ወደ ጠጅ ጋንም ገባ። ከማሩ እኩሌታውን ቀንሶ በስኳር የሚተካ ጣይ ጠጁን ረክሶ ሊሸጠው ስለ ቻለ፣ ንጹሑን የምትጥለው ሴት ዋጋዋን ዝቅ ማድረግ ወይም ደንበኞቿን ማጣት ግድ ሆነባት፤ የዋጋው መውረድም ተንከባሎ ባለ ቀፎው ጋ ደረሰ።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ፣ በካናዳና በአካባቢው፣ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ በጸደይ ጭማቂ እየቀዱ፣ አርባ እጅ ያህሉን አፍልተው አንድ እጅ ሽሮፕ የሚያወጡ ቤተ ሰቦች አሉ፤ ስኳር ሳይረክስ በፊት የገበሬው ቤት ጣፋጭ የሚገኘው ከዚሁ ዛፍ ነበር። የሸንኮራ አገዳ ስኳር ርካሽ ሲሆን የእነርሱም ሥራ ከመጥፋት የዳነው፣ ስኳርን በዋጋ ሳይሆን በመዐዛና በስም በመለየት፣ በኋላም የኪዩቤክ አምራቾች በማኅበር ተደራጅተው ከጥጋቡ ዓመት ለችግሩ ዓመት የሚያከማቹበትን መጠባበቂያ በማቋቋም ነው። በእኛ ዘንድ ያን ጊዜ ማኅበርም መጠባበቂያም አልነበረም፤ ባለ ቀፎው ብቻውን ነበር።

መንግሥት ግን ንቡን ፈጽሞ አልረሳውም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሆለታ የንብ ማነብ ማሳያ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ዘመናዊው የሣጥን ቀፎ ለአገሪቱ ተዋወቀ። ይህ ጣቢያ በኋላ የንብ ምርምር ማዕከል ሆኗል። ለወለጋ ገበሬ ግን ሆለታ ሩቅ ነበረች፤ ሣጥኑም የጣውላና የምስማር ዋጋ የሚጠይቅ ዕቃ ነው።

ዓሣውስ? በዚህ ዘመን ስለ ወለጋ ዓሣ የሚጻፍ ብዙ የለም። በ1965 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ የፊንጫ ግድብ ተመርቆ ውሃው በጮመን ረግረግ ላይ ሲተኛ፣ ብዙ የእርሻና የግጦሽ መሬት ተውጦ ገበሬዎቹ ተነሥተው ነበር፤ ስለዚህ የአካባቢው ሰው ግድቡን ያስብ የነበረው በወሰደበት ነገር ነው። በኋላ ግን ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጨምሮበት ተራባ፣ ወጣቶችም መረብ ይዘው ገቡበት፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከወንዝ ዳር ወጥቶ በመኪና ለከተማ የሚላክ ዓሣ በዚህ መንገድ ተጀመረ።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፤ ሰፈራ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ የባላባቱ የማር ግብር ከነስሙ ቀረ። ይህ ለባለ ቀፎው ያለ ጥርጥር ትልቅ ዕፎይታ ነበር። ነገር ግን ወዲያው የሸለቆው ጫካ ራሱ ተጠየቀ። ዝንብና ወባ ያቆዩት ሰፊ ለም መሬት በአዲሱ የደርግ መንግሥት ዓይን ባዶ መሬት መሰለ፤ በአንገርና በዴዴሳ የመንግሥት እርሻ ተቋቋመ፣ አንገር ጉቲንም ከታላቁ ሰፈራ አስቀድማ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የሰፈራ ጣቢያ ሆነች። ባዶ የተባለው መሬት ግን ባለ ቤት ነበረው፤ ጉሙዙ የሚያድንበትን፣ ማር የሚቆርጥበትንና በየጊዜው እየተዘዋወረ የሚዘራበትን ምድር ማንም በወረቀት አልመዘገበለትም።

ቀጥሎ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው በመኪናና በአውሮፕላን ተጓጉዞ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ከክፍለ ሀገሮቹ ሁሉ ብዛት ያለውን የተቀበለችው ወለጋ ናት። ደገኛው ሰው፣ ዛፍ በሌለበት ተራራ ላይ ያደገው ሰው፣ ሳያስበው ከቆላ ጫካ መካከል ተጣለ። ብዙ ሰው በወባ አለቀ፣ ብዙም ጠፍቶ ተመለሰ። የቀረው ግን ዛፉን ቆርጦ ቤት ሠራ፣ ዛፉን ቆርጦ አረሰ፣ ዛፉን ቆርጦ ምግቡን አበሰለ፤ ቢያደርግስ ምን ይደረጋል? ቀፎ የሚሰቀልበት ዋንዛና ዋርካ ከመንደሩ ዙሪያ እየራቀ ሄደ።

እንዲህም ሆኖ፣ ሰፈራው ለሁለቱ ሀብቶች ጉዳት ብቻ አላመጣም። መጀመሪያ ነገር፣ ሰፋሪው ንብን በግቢው ማኖር የሚያውቅ ሰው ነበር። በወሎና በሰሜን ልማድ ቀፎ ከቤቱ አጠገብ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ በጣራ ክፈፍ ሥር ይቀመጣል፤ በአንገር ሸለቆ ከጫካው ቀፎ ጎን የጓሮው ቀፎ የገባው እንዲህ ነው። እህሉ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ሲገባ፣ ማሩ ግን በእናቲቱ እጅ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወጣ ነበርና፣ ለብዙ ቤት ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ልብስ ከዚያ ተገዛ።

ሁለተኛም ዓሣ ፈላጊ አገኘ። ከሰሜን የመጣው ሰፋሪ አብዛኛው ጿሚ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በካህናቱ መካከል የቆየ ቢሆንም፣ በየገበያው እንደሚታየው የዓሣ ዋጋ የሚንረው በዐቢይ ጾም ነው፤ ክርክሩንም ድስቱ ፈትቶታል። የወንዝ ዳር ሰፋሪ ልጆች ከጉሙዝ ልጆች ጋር ሲውሉ መንጠቆ መጣልን፣ አምባዛ የሚተኛበትን ጭቃ፣ ነጩ ዓሣ የሚወጣበትን ወራት ተማሩ፤ ነቀምቴም በሚፈላ ዘይት የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥባት ከተማ እየሆነች ሄደች። ትናንት የጉሙዝ ብቻ የነበረው ሥራ የሦስትና የአራት ሕዝብ ሥራ ሆነ።

ከ1983 እስከ 2010 ዓ.ም.፤ ሣጥን ቀፎና አዋጅ

ደርግ ሲወድቅ የመንግሥት እርሻው ተዳከመ፣ ንግዱ ተፈታ። ሸለቆው ቀስ በቀስ የበቆሎ፣ የሰሊጥና የአኩሪ አተር አገር ሆነ፤ የወለጋ ሰሊጥ በምርት ገበያው በራሱ ስም እስከ መጠራት ደረሰ። ሰሊጥና ኑግ ለንብ ጥሩ አበባ ናቸውና ጫካው የቀነሰበትን ንብ እርሻው በከፊል ካሰው ማለት ይቻላል። ነገር ግን እርሻው ጸረ አረምና ጸረ ተባይ ይዞ መጣ። በአበባ ጊዜ ማሳ የሚረጭ ጎረቤት ያለው ሰው ማለዳ ተነሥቶ ከቀፎው ሥር የረገፈውን ንብ በመጥረጊያ የሚሰበስብበት ጊዜ ጀመረ። በንብ አናቢዎች ዘንድ ከዚህ የበለጠ አቤቱታ የለም።

የግብርና ቢሮዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ሣጥን ቀፎን ወደ ሸለቆው ያመጡት በዚህ ዘመን ነው። የባህሉ ቀፎ በዓመት 5 ወይም 6 ኪሎ ቢሰጥ፣ በደንብ የተያዘ ሣጥን 15 እና 20 ኪሎ ይሰጣል፤ በወረቀት ሲታይ ጥያቄ የሌለበት ነገር ነው። በተግባር ግን ሣጥኑ የሰም ሽፋን፣ ማጥለያ፣ መከላከያ ልብስና ሥልጠና ይጠይቃል፤ በነጻ የተሰጠ ብዙ ሣጥን የዶሮ ቤት ሆኖ መቅረቱን የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ያየው ነው። የተሳካላቸው ቤተ ሰቦች ሁለቱን አስማምተው የያዙት ናቸው፤ መንጋውን በዛፍ ላይ ቀፎ ይይዛሉ፣ ወደ ግቢ አውርደው ወደ ሣጥን ያዛውራሉ። ሣጥኑ ሰሙን ሳያፈርስ ማሩን ብቻ ስለሚጨምቅ ደግሞ ሰፈፉ ይቀንሳል፤ ለሰም ላኪው የሣጥን መብዛት ደስታ ብቻ አይደለም።

በ2000 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ማር እንዲልኩ ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አስገባ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ወጣ። አገሪቱ በዚያ ዘመን በዓመት 50,000 ቶን ያህል ማር እያመረተች ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም፣ ከዚህ ውስጥ ድንበር የሚሻገረው ጥቂቱ ነው፤ ቀሪው ዛሬም ጠጅ ይሆናል። የአገር ውስጡ ዋጋ ከውጭው በላይ የሆነበት ዓመትም ብዙ ነውና፣ ገበሬው ለጠጅ ቤት ቢሸጥ የሚወቀስበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚሁ ዘመን፣ በ1990ዎቹ መግቢያ፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ምርት ጀመረ። እንግዲህ አንዱ የፊንጫ ውሃ በግድቡ ላይ ዓሣን አበዛ፣ ከግድቡ በታች አገዳን አጠጥቶ የማርን ባላንጣ በወለጋ ምድር አበቀለ።

ስለ ዓሣውም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቶ፣ በመርዝ ማጥመድንና ጥቃቅን ቀዳዳ ያለውን መረብ የሚቈጣጠር ሕግ ተደነገገ። ለምን እንዳስፈለገ ከጣና መረዳት ይቻላል። በ1978 ዓ.ም. በሆላንድ ክርስቲያኖች እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ሲገባ ምርቱ በፍጥነት አደገ፤ ነገር ግን ነጩ ዓሣ እንደ ሰሜን አሜሪካው ሳልሞን ለመውለድ ከሐይቁ ወደ ወንዝ የሚወጣ ዘር ስለሆነ፣ አጥማጆቹ በጉማራና በርብ አፍ ላይ መረብ ዘርግተው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያዙ። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል ከሐይቁ ነጭ ዓሣ ሦስት አራተኛው ያህል መቀነሱ ተጠና። የአንገርና የዴዴሳ ነጭ ዓሣም የዚያው ወገን ነው፤ በክረምት ውሃው ሲደፈርስ ወደ ትናንሾቹ ገባሮች ይወጣል። አጥማጁም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ነው በዚያ ወራት በየገባሩ አፍ የሚጠብቀው። ሕጉ በአዲስ አበባ ታትሟል፤ በገባሩ አፍ ግን የሚጠብቅ የለም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፤ መንገዱ ሲዘጋ

በዚህ ዘመን ስለ ምሥራቅ ወለጋ የሚጽፍ ሰው ግጭቱን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። በአንገር ጉቲን ዙሪያ፣ በጊዳ አያና፣ በኪረሙና በአጎራባቹ የካማሺ ቆላ፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ጉሙዙም ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፤ የመፈናቀሉን ጊዜ ሁሉ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ሥራ ባይሆንም፣ በንግዱ ላይ ያደረሰውን መናገር ግን ይገባል። ከነቀምቴ እስከ ቡሬ ያለው መንገድ ደጋግሞ ሲዘጋ፣ ሁለቱ ሀብቶች ዕጣቸው ተለያየ። ማር ዓመት ቢቆይ አይበላሽም፤ የሸሸ ሰው በጀሪካን ቀብሮት ሊሄድ፣ ተመልሶም ሊያወጣው ይችላል። ዓሣ ግን በረዶ በሌለበት በዚያ ሙቀት ከማለዳ እስከ ቀትር እንኳ አይታመንምና፣ መንገዱ በተዘጋ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሬ ዓሣ ለነቀምቴ መላክ ይቆማል፤ የሚቀረው የጥንቱ መንገድ፣ በጢስና በፀሐይ አድርቆ ማቆየት ነው። ቀፎ ደግሞ ከባለ ቤቱ ጋር አይሰደድም። ሰዎቹ በመጠለያ ሳሉ ንቡ በባዶ ግቢ ማሩን ሲሠራ፣ የተመለሰው የራሱን ሲቆርጥ፣ ያልተመለሰውን ሰው ማር ሌላ ቆርጦታል።

ከሸለቆው በታች ደግሞ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. መሞላት የጀመረው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የዐባይን ጉሮሮ ወደ ሐይቅ ለውጦታል። 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ውሃ ንጋት ተብሎ ተሰይሟል፤ ዓሣ ማጥመዱም በላዩ ተጀምሯል። ከላይ ያሉት ገባሮች ለዚያ ሐይቅ ነጭ ዓሣ መውለጃ መሆናቸው የሚገመት ነውና፣ በዴዴሳና በአንገር ገባሮች አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ከእንግዲህ የአንድ መንደር ጉዳይ ብቻ አይሆንም። ሣጥን ቀፎ ያድል የነበረው ባለሙያ ለዚህም ሥራ ይበቃል፤ የክረምቱን ሦስት ወር ገባሮቹን ማስጠበቅ፣ ለአጥማጁም በዚያ ወራት የሚተዳደርበትን ሁለትና ሦስት ቀፎ መስጠት ከግድቡ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።